የፖከር መነሻ ቃላት በአማርኛ፦ በአንድ መምሪያ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

«ሰንጠረዥ» የሚለው ስም ከሳንስክሪት ተነሥቶ በፋርስኛና በዐረብኛ በኩል ተሻግሮ ወደ እኛ የደረሰ ነው። በገበታው ላይ የሚቆሙት «ፈርዝ» እና «ፊል»ም እንዲሁ የሩቅ አገር ስማቸውን እንደ ያዙ ቀርተዋል። ነገር ግን ሁለቱ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠባበቁ እንዳሻቸው የሚያንቀሳቅሱበትን የጨዋታ መክፈቻ አባቶቻችን «ወረራ» ብለው ሰይመውታል። ይህ ቃል ከጦር ሜዳ ኑሮ የተወሰደ እንጂ ከማንም ባዕድ ቃል የተተረጎመ አይደለም።

አማርኛ በጨዋታ ስያሜ ረገድ የተጓዘበት መንገድ በአመዛኙ ይኸው ነው። የጨዋታውና የመሣሪያው ስም ከእንግዳው ጋር ይገባል፤ የድርጊቱ ስም ግን ከአገር ቤት ኑሮ ይወሰዳል። «ከረምቡላ»፣ «ቶምቦላ»፣ «ቢንጎ»፣ «ጆከር» ስማቸውን አልለወጡም። ከረምቡላ የሚጫወተው ሰው ግን «መታ»፣ «ሳተ»፣ «አገባ» ይላል እንጂ ለእነዚህ ድርጊቶች የባዕድ ግሥ ሲፈልግ አይታይም። «ካርታ»ም ከዚሁ ወገን ነው። መነሻው በግሪክና በላቲን ወረቀት ማለት የሆነው ይህ ቃል ዛሬ በአማርኛ የአገርን መልክ የሚያሳይ ሥዕል፣ የቤትና የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ፣ እንዲሁም የመጫወቻ ወረቀት ማለት ሆኖ ያገለግላል። ከመጫወቻው ካርታ ጋር የመጡት ግሦች «በወዘ»፣ «አደለ»፣ «ሳበ»፣ «ጣለ» ግን አማርኛ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ፣ «በወዘ»፣ ከካርታው ወጥቶ ወደ መንግሥት ሥራ ገብቷል። ሹማምንት ከቦታ ቦታ ሲዘዋወሩ ጋዜጣው «ብወዛ» ሲል የካርታ ተጫዋቾችን ቃል መዋሱን የሚያስታውስ አንባቢ ጥቂት ነው።

ይህን መቅድም ያስቀደምነው የፖከርን መጀመሪያ ትምህርት በአማርኛ ለመስጠት የተዘጋጀ አንድ መምሪያ ስለ ደረሰን ነው። ጽሑፉ የአዘጋጁ ስም የለበትም፤ በኮምፒውተር ተጽፎ በፎቶ ኮፒ የተባዛ ጥቂት ገጽ ነው። ያገኘነውም በየካ ክፍለ ከተማ፣ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚያወጣው ዳገት አጠገብ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ርቀው በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ካርታ ከሚጫወቱ ወጣቶች ነው። ስፍራውን የጠቀስነው ያለ ምክንያት አይደለም። ወጣቶቹ መምሪያውን እያነበቡ ሲጫወቱ አፋቸው የሚናገረው ሌላ፣ ወረቀቱ የሚለው ሌላ ሆኖ ስላገኘነው ነው። የመምሪያው ቃላትና የተጫዋቾቹ ቃላት ጎን ለጎን ሲቀመጡ የስያሜ ሥራ የት ላይ እንደሚስት በግልጽ ያሳያሉ።

የቁማር ቃላት ለእንዲህ ያለ መጽሔት ምን ያደርጋሉ የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። መዝገበ ቃላት ስርቆትንም መርዝንም ይፈታል፤ መፍታት መመረቅ አይደለም። ከዚህም በላይ ነገሩ ገንዘብ የሚነካ ነው። በሥነ ፍጥረት መማሪያ ውስጥ አንድ ስያሜ ቢሳሳት ተማሪው በፈተና አንድ ጥያቄ ይስታል። በዚህኛው መምሪያ ግን ቃሉን አጣምሞ የተረዳ ወጣት የቀን ሥራውን ምንዳ በአንድ ምሽት ያጣል። ስለዚህ ስያሜዎቹ እውነተኛ መሆን አለመሆናቸውን መመርመር የቃላት ሠራተኛ ድርሻ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ መሠረቱን በጥቂቱ እንግለጽ። ፖከር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በአሜሪካ የተስፋፋ የካርታ ጨዋታ ነው። ስሙን ብዙዎች «ፖክ» ከሚባል የፈረንሳይ ጨዋታ ጋር ያያይዙታል፤ በመሆኑም ቃሉ ለእንግሊዝኛ ራሱ ውሰት ሊሆን ይችላል፤ እኛም «ፖከር» ብለን ብንተወው የምናጣው ነገር የለም። መጫወቻው በአራት ዓይነት የተከፈለ፣ እያንዳንዱ ዓይነት 13 ካርታ ያለው፣ በጠቅላላው 52 ካርታ ነው፤ ጆከር ብዙውን ጊዜ አይገባበትም። በዛሬው ጊዜ ከሁሉ ይልቅ በተለመደው ዐይነቱ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይታደላል፤ በገበታው መካከል ደግሞ አምስት የጋራ ካርታዎች፣ በመጀመሪያ ሦስት በአንድነት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ እየሆኑ ይገለጣሉ። ተጫዋቹ ከሰባቱ መርጦ ከሁሉ የሚበልጡትን አምስት ያቀናጃል። በየመካከሉ ተጫዋቾቹ በየተራ ገንዘብ ያስይዛሉ። ኮንከር ለለመደ ሰው እዚህ ላይ ትልቅ ልዩነት አለ። በኮንከር ካርታ እየሳበና እየጣለ እጁን ያሻሽላል፤ በዚህኛው ግን የታደለው ታድሏል፤ የሚወስነው ገንዘቡን ማስያዙን ወይም መተዉን ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ መምሪያው እንምጣ። አዘጋጁ ሁለት ዐይነት ስሕተት ፈጽሟል። አንደኛው የእንግሊዝኛውን ቃል ከመዝገበ ቃላት አውጥቶ የመጀመሪያውን ፍች መውሰድ ነው። ካርታ ከመታየቱ በፊት ሁለት ተጫዋቾች በግድ የሚያስይዙትን ገንዘብ «ትንሹ ዕውር»፣ «ትልቁ ዕውር» ይለዋል። በመካከል የተጠራቀመውን ገንዘብ «ድስት»፣ የመጨረሻውን የጋራ ካርታ «ወንዝ» ይለዋል። በአማርኛ ዕውር ማለት ሰው ነው፤ በገበታው ዙሪያ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች በየተራ ዕውር ሲባሉ መስማት ነውርም ነው፣ ትርጉምም የለውም። ጨረታ የሚያውቅ ሁሉ «መነሻ ዋጋ» ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ «ትንሹ መነሻ»፣ «ትልቁ መነሻ» ቢባል ማብራሪያ ሳይጨመርበት ይገባል። የተጠራቀመውን ገንዘብ ወጣቶቹ ራሳቸው «መሐል» ይሉታል፤ «መሐል ስንት አለ?» ሲሉ ሰምተናል። ስለ ወንዙ የምንለው የለም፤ «አምስተኛው ካርታ» ይበቃል።

ሁለተኛው ስሕተት የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። አዘጋጁ ሲደክመው የእንግሊዝኛውን ድምፅ በፊደላችን ጽፎ ያልፋል። የውሰት ቃልን አንጠላም፤ ከላይ እንደ ተናገርነው የአማርኛ የጨዋታ ቃላት ግማሹ ውሰት ነው። ነገር ግን የሚዋሰው ቃል በቋንቋው ውስጥ ቀድሞ የያዘው ስፍራ መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት። አምስቱም ካርታዎች ከአንድ ዓይነት ሲሆኑ «ፍላሽ» ይላል፤ ለዛሬ ወጣት ፍላሽ በኮምፒውተር ላይ የሚሰካው የፋይል መያዣ ነው። ሳያስይዙ ተራን ማሳለፍን «ቼክ» ይለዋል፤ ቼክ የባንክ ወረቀት ነው፤ ገንዘብ በሚያዝበት ገበታ ላይ «ቼክ» የሚል ሰው ምን ሊያወጣ ነው ተብሎ እጁ ይታያል። በገንዘብ ምትክ የሚያዘውን ክብ ነገር «ቺፕስ» ብሎታል፤ ይህስ በየመንገዱ ዳር የሚጠበሰው ድንች ነው።

የእጅ ስሞች፣ ማለትም አምስቱ ካርታዎች ሲቀናጁ የሚያገኙት ማዕርግ፣ ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ ጀማሪው በመጀመሪያ የሚያጠናው እነዚህን ነውና። መምሪያው ቅደም ተከተሉን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃል እንዲያዝ ያዛል። የማዕርጉ ምክንያት ግን ቀላል ነው፤ ብርቅ የሆነው ይበልጣል። ከ52 ካርታ አምስት አምስት እየተወሰደ ሊቀናጅ የሚችለው እጅ ብዛቱ 2,598,960 ነው። ከዚህ ውስጥ 1,302,540ው፣ ማለትም ከግማሽ በላይ የሆነው፣ ምንም ማዕርግ የለውም። አንድ ጥንድ ብቻ ያለው 1,098,240 ነው። አምስቱ ቁጥሮች ተከታትለው የሚመጡበት 10,200፣ አምስቱም ከአንድ ዓይነት የሚሆኑበት 5,108፣ ሦስቱ አንድ ቁጥር ሁለቱ ሌላ ቁጥር የሚሆኑበት 3,744፣ አራቱ አንድ ቁጥር የሚሆኑበት 624 ነው። ይህን ያወቀ ተማሪ አንዱ ከሌላው ለምን እንደሚበልጥ አይጠይቅም። ስሙም ይህን እንዲያሳይ ሆኖ መውጣት አለበት።

መምሪያው ተከታታዩን «ቀጥታ» ይለዋል። ካርታ ግን አይጣመምም፣ አይቃናም፤ ወጣቶቹ ከኮንከር አምጥተው «ተርታ» ይላሉ፤ ትክክለኛውም ይህ ነው። ሦስትና ሁለቱን «ሙሉ ቤት» ብሎታል። ሙሉ ቤት በአማርኛ ወይ ዕቃው የተሟላ ቤት ነው፣ ወይም ሳይከፋፈል የሚከራይ ቤት ነው፤ ካርታን ደግሞ በአዲስ አበባ ከቤት ጋር ማገናኘት ሐሳብን ወደ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይወስዳል። «ሦስት በሁለት» ቢባል ምን የቀረው ነገር አለ? «ጥንድ» እና «ሁለት ጥንድ» ያላቸው ግን መልካም ናቸው፤ እንዲጸኑ እንደግፋለን።

አራቱን የካርታ ዓይነቶች «ዘር» ማለቱ ከሁሉ ይልቅ አሳስቦናል። በጣልያንኛም ለዚሁ ነገር ዘር ማለት የሆነ ቃል ስለሚነገር አዘጋጁ ከዚያ አግኝቶት ይሆናል። ዳሩ ግን ዘር በአማርኛ ከእህል አልፎ የሰው ትውልድና ወገን ማለት ነው፤ በዛሬው ጊዜም ቃሉ ከባድ ሸክም ተሸክሟል። «አምስቱም የአንድ ዘር ከሆኑ ያሸንፋሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር በመምሪያ ውስጥ ሲነበብ የካርታ ትምህርት መሆኑ ይጠፋል። «መልክ» የሚለው ቃል ተስማሚ ይመስለናል፤ ካርታውን የሚለየው በላዩ የተሣለው መልክ ነውና። «አንድ መልክ» የአምስቱን አንድ መሆን፣ «ባለ አንድ መልክ ተርታ» ደግሞ ከ2,598,960ው 40 ብቻ የሆነውን ታላቁን እጅ ያለ ችግር ይገልጻሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ማስያዙ ሥርዓት፣ እንሻገር። ፖከርን ከሌላው የካርታ ጨዋታ የሚለየው ይህ ነው፤ መምሪያውም ከሁሉ የከፋው በዚህ ክፍል ነው። ባላጋራ ያስያዘውን ያህል አስይዞ መቀጠልን «መጥራት»፣ ካርታን ትቶ ከዙሩ መውጣትን «ማጠፍ» ይላል። ጀማሪው «ጥራ» ሲባል ማንን ልጥራ ይላል፤ «እጠፍ» ሲባል ካርታውን ጎንበስ ያደርጋል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ በዓይናችን ያየነው ነው።

ለዚህ ክፍል አማርኛ ቃል መፍጠር አያስፈልገውም፤ ከጥንት ጀምሮ አለው። በቀድሞው የአገራችን የሙግት ሥርዓት ተሟጋቾች በዳኛ ፊት ቆመው ሲከራከሩ አንደኛው ለነገሩ እውነተኛነት ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ ውርርድ ያስይዝ ነበር። ባላጋራው ወይ ውርርዱን ይገጥማል፣ ወይ ከፍ ያደርገዋል፣ ወይም ነገሩን ይለቃል። «እሰጥ አገባ» የሚለው አነጋገር ዛሬ ተራ ጭቅጭቅ ማለት ሆኖ ቀርቷል፤ በውስጡ ያሉት ሁለት ግሦች ግን የውርርድ ግሦች ናቸው። አንዱ «እሰጥ» ይላል፣ ሌላው «አገባ» ይላል፤ ነገሩ እየናረ ይሄዳል። የፖከር አንድ ዙር ከዚህ የሚለየው ዳኛና ምስክር የሌለው በመሆኑ ነው። በሙግት እውነቱ በምስክር ይለያል። በፖከር እስከ መጨረሻው የገጠሙ ሁለት ሰዎች ካሉ ካርታው ተገልጦ ይለያል፤ ሁሉም ከለቀቁለት ግን ያሸነፈው ሰው ምን እንደ ያዘ ማንም ሳያውቅ ይቀራል።

በዚህ መሠረት ስያሜዎቹ ራሳቸውን ያቀርባሉ። መጀመሪያ ገንዘብ የሚያኖር «አስያዘ» ይባላል። ከዚያ በላይ የሚያኖር «ጨመረ» ይባላል፤ ጨረታም ይህንኑ ያስተምራል። እኩል የሚያኖር «ገጠመ» ይባላል። «ውርርድ ገጠሙ» የቆየ አማርኛ ነው፤ በዚያውም ላይ መግጠም ሁለት ነገር በልክ መዋደዱን ስለሚያሳይ የገንዘቡን እኩልነት ይነግራል። ስለዚህ ቃል ሲከራከሩን «ተከተለ» ይሻላል ያሉ ነበሩ። የሚከተል ሰው ግን ከኋላ የሚሄድ ነው፤ የገጠመ ሰው ከፊት የቆመ ነው፤ በዚህ ጨዋታ የሚሆነውም ሁለተኛው ነው። «አቻ» የሚለውን የማንቀበለው በእግር ኳስ ተለይቶ ያልታወቀ ውጤት ማለት ሆኖ ስለ ጸና ነው።

ካርታን ትቶ ለሚወጣው «ጣለ» የሚለው በመጀመሪያ እይታ ደግ ይመስላል። ሆኖም በኮንከር «ጣለ» ማለት አንድ ካርታ አውጥቶ በጨዋታው መቀጠል ነው። ከኮንከር ወደ ፖከር የተሻገረ ወጣት «ጣልሁ» ብሎ ሁለተኛ ካርታ ሲጠብቅ፣ ጓደኞቹ ደግሞ «አንተ ወጥተሃል» ሲሉት ጠብ ይነሣል። «ለቀቀ» ግን አያሻማም፤ ተሟጋችም ይዞታውን ይለቃል፣ ተወራራጅም ነገሩን ይለቃል። በዚህ ዳገት ላይ የሰማነው ሌላው የጠብ ምንጭ «አለፍሁ» የሚለው ነው። አንዳንዱ ሳያስይዝ ተራውን ለማሳለፍ፣ አንዳንዱ ደግሞ ከዙሩ ለመውጣት ይለዋል። «አሳለፈ» ለፊተኛው፣ «ለቀቀ» ለኋለኛው ብቻ ተለይቶ ቢነገር ክርክሩ ይቀራል። ያለ የሌለውን የሚያኖረው «ያለውን ሁሉ አስያዘ» ቢባል በቂ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው በሰው ጠባይ ላይ የሚሠራ ቃል ነው። እንግሊዝኛው «ብላፍ» የሚለውን፣ ደካማ ካርታ ይዞ ብርቱ እንደ ያዘ ሆኖ ገንዘብ መጨመርን፣ መምሪያው «ማጭበርበር» ብሎ ተርጉሞታል። ይህ ስሕተት ብቻ ሳይሆን ጉዳትም ነው። ማጭበርበር ካርታ መደበቅ፣ በብወዛ ጊዜ ማሾለክ፣ ከሌላው ጋር በጥቅሻ መስማማት ነው፤ ይህን ያደረገ ሰው ከገበታው ይባረራል። ደካማ ካርታ ይዞ መጨመር ግን የጨዋታው ሕግ የሚፈቅደው፣ እንዲያውም ጨዋታው ያለ እርሱ የማይቆምበት ተግባር ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ከተጠሩ ጀማሪው ከሁለት አንዱን ይማራል፤ ወይ የተፈቀደውን እንደ ወንጀል ይሸሻል፣ ወይ ወንጀሉን እንደ ተፈቀደ ይቆጥራል። ሁለተኛው እንደሚብስ መናገር አያሻም።

ወጣቶቹ ይህን ልዩነት ያለ መምሪያ ያውቁታል። ከመካከላቸው አንዱ «ኪዳነ ምሕረትን! ተርታ አለኝ» ብሎ ማለ፤ ሌሎቹ በአንድ ቃል «መሐላ የለም!» ብለው ገሠጹት። ቤተ ክርስቲያኗ ከላያቸው ባለችበት ዳገት እርሷን ጠርቶ በሐሰት መማል በጨዋታው ማስመሰል ውስጥ እንደማይቆጠር፣ ፊትና ገንዘብ ሊያስመስሉ እንደሚችሉ፣ መሐላ ግን እንደማይችል የተስማሙበት ሕግ ነው። ኪዳን ቃል መገባባት ነው፤ በውርርድ ገበታ ላይ የሚያዝ ነገር አይደለም። የቃላት ሠራተኛ ከዚህ የሚማረው አለ። ቃል አውጥቶ መዋሸት «ሐሰት»፣ ሕግ አፍርሶ መውሰድ «ማጭበርበር»፣ በሕግ ውስጥ ሆኖ ሌላ መምሰል ደግሞ «ማስመሰል» ይባል። ከመካከላቸው ኳስ ተጫዋች የሆነው «አብዶ ሠራብኝ» ሲል ሰምተናል። በእግር ኳስ አብዶ ባላጋራን በተፈቀደ መንገድ አሳስቶ ማለፍ ስለ ሆነ ዘይቤው የሚደነቅ ነው። ለመዝገበ ቃላት ዋና ስያሜ ለማድረግ ገና የሰፈር ቃል ቢሆንም፣ በተጓዳኝ ሊመዘገብ ይገባዋል።

መምሪያው ካርታ ማደልን በሁለት ቦታ «ዕጣ ማውጣት» ብሎታል። አዘጋጁ ቃሉን የመረጠው ለጨዋነት ይመስላል፤ ዕጣ በመጽሐፍ ያለ፣ ማትያስ ለሐዋርያነት የተመረጠበት፣ በማኅበርና በዕቁብ የሚነገር የተከበረ ቃል ነውና። ብሔራዊ ሎተሪም ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ዕጣ ሲያወጣ ኖሯል። ነገር ግን በዕጣ ጊዜ የሰው ፈቃድ ሥራ የለውም፤ ሎተሪ የቆረጠው ሰው ቁጥሩን ይዞ ከመጠበቅ በቀር የሚያደርገው የለም። በዕቁብማ ነገሩ ፈጽሞ ይለያል። ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ዕቁብ ቢገቡ፣ ዕጣው የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚወስድ ብቻ ነው፤ የመጨረሻዋም ብትሆን የጣለችውን ያህል ታገኛለች፤ ማንም ከማንም አይወስድም። ይህን ቃል በፖከር ገበታ ላይ ማኖር ለጨዋታው የማይገባውን ታማኝነት ማዋስ ነው።

ደግሞም አያስፈልግም፤ «አደለ» አለና። አማርኛ በዚህ ግሥ ውስጥ ትልቅ ማስተዋል አስቀምጧል። ከ«አደለ» «ዕድል» ይወጣል፤ የተሰጠው ሰው «ታደለ» ይባላል፤ ያልተሰጠው «ያልታደለ» ነው። እንግዲህ ካርታ የሚያከፋፍለው «አዳይ»፣ ሥራው «ዕደላ»፣ ለተጫዋቹ የደረሰው «ዕድሉ» ሲባል የቃሉ ሥር ራሱ ያስተምራል። ከዕደላው በኋላ ያለው፣ ማስያዝ፣ መግጠም፣ መልቀቅ፣ የሰውዬው የራሱ ሥራ ነው። ብርቱ መምህር ከዚህ ልዩነት ቢጀምር የመምሪያውን ሁለት ገጽ ያህል ያድናል።

በመጨረሻ በመምሪያው ውስጥ ስለሌለ ቃል እንናገር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስናነብ «ቁማር» የሚለውን አንድ ጊዜ አላገኘንም። ከዐረብኛ የመጣ፣ «ቆመረ»፣ «ቁማርተኛ»፣ «አስቆማሪ» እያለ በአማርኛ ርባታ የተስፋፋ ቃል ነው፤ ስለማይታወቅ አልቀረም። በምትኩ ተጫዋቹ «ተሳታፊ»፣ ያገኘው «ባለ ውጤት»፣ ያጣው «ያልተሳካለት» ተብሏል። በዚህ አነጋገር ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ አይታወቅም፤ ከሰማይ የወረደ ይመስላል።

የአማርኛ ቁማርተኛ ግን ከዚህ የተሻለ የሒሳብ ሰው ነው። «በላሁ»፣ «ተበላሁ» ይላል። የበላ ካለ የተበላ አለ፤ ግሡ በአድራጊና በተደራጊ ተጣምሮ ሳይነጣጠል ይሄዳል። «ማሸነፍ» እንዲህ አይደለም፤ ሯጭ ሲያሸንፍ ከተሸናፊው ኪስ የሚወስደው የለም። አምስት ሰዎች 100 100 ብር ይዘው ቢቀመጡ በገበታው ላይ ያለው 500 ብር ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢጫወቱ 501 አይሆንም። አስቆማሪ ካለና ከየመቶው ብር 5 ብር የሚያነሣ ከሆነ፣ መቶ መቶ ብር የተጠራቀመባቸው 20 ዙሮች ሲያልፉ 100 ብር ወጥቶ 400 ይቀራል፤ አምስቱም በአንድነት ተበልተዋል፣ የበላው ግን ካርታ ያልያዘው ነው። ይህን ሁሉ «ተበላ» የሚለው አንድ ቃል ይናገራል። ስለዚህ በገንዘብ ረገድ «በላ» እና «ተበላ» ሙያዊ ስያሜ ሆነው እንዲመዘገቡ፣ «አሸነፈ» የካርታውን ብልጫ ለመግለጽ ብቻ እንዲውል እናሳስባለን። ቃሉ ሸካራ ነው የሚል ቢኖር፣ በገበጣና በዳማ ሕፃናት የሚሉት ይህንኑ ነው።

ስለ መያዣው ክብ ነገር፣ መምሪያው «ቺፕስ» ስላለው፣ ውሳኔ ሳንሰጥ አልፈን ነበር። ወጣቶቹ ገንዘብ በሌላቸው ቀን የሚጫወቱት በቆርኪ ነው። ለዳማ ሲያገለግል የኖረው ይኸው የጠርሙስ ክዳን በፖከር ደግሞ ዋጋ ተከፍሎለታል፤ የለስላሳው አንድ፣ የቢራው አምስት፣ የአምቦ ውሃው ዐሥር ሆኖ ይቆጠራል። ቆርኪው ያለቀበት ልጅም «ተበላሁ» ብሎ ይነሣል። «ቆርኪ» በመዝገበ ቃላት ከጠርሙስ ክዳንነቱ ቀጥሎ «በጨዋታ ጊዜ በገንዘብ ምትክ የሚያዝ፣ ዋጋው በስምምነት የሚወሰን ክብ መያዣ» የሚል ሁለተኛ ፍች ሊጨመርለት ይገባል፤ ፋብሪካ ከፕላስቲክ የሚሠራውም በዚሁ ስም ሊጠራ ይችላል።